ባለ አንድ እጅጌው ኮት

አጎቴን ለእስር የዳረገው ኮት አንድ እጅጌው፣ ሐኪሟ በተገደለችበት ምሽት፣ እኔ ክንድ ላይ ነበር።

ዝሆን ሆኜ እየተጫወትኩ ነበር። እጅጌውን እስከ ትከሻዬ አጥልቄ፣ ጫፉን እያንጠለጠልኩ፣ በእናቴ የስፌት መኪና ዙሪያ እየተንጎማለልኩ ወለሉ ላይ የተበተነውን ብጥስጣሽ ክር በኩምቢዬ እጠርጋለሁ። እናቴ «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ የሰው ልብስ ነው!» ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው። «የሰው» ያለችውም የገዛ ወንድሟን ነው። የቀረው ኮት ገበሩ ወጥቶ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ባንድ እጁ ተንጠልጥሏል። እንዲህ እንዳለን ነው ከመንገዱ የሴት ጩኸት የሰማነው።

ይህን እኔም እናቴም እናውቅ ነበር። እኔን የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም መልሱን በደንብ ሰማና ዋጠው።

ኮቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቡናማ፣ ባለ ካሬ፣ ከአያቴ ለአጎቴ የደረሰ ኮት ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ በያጅ ነበር፤ ሰውም «ብልጭታ» ነበር የሚለው፤ ለሥራውም ለጠባዩም። ከብየዳው የሚረጨው ፍንጣሪ ኮቱን በስቶ በስቶ ወንፊት አድርጎታል። «ብልጭታ፣ ኮትህ ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?» ይሉታል። «ኮከብ ነው እንጂ! መብራት ሲጠፋ እሱን ለብሼ ነው የምሄደው» ይላል። እናቴ ግን ታፍር ነበር። የልብስ ሰፊ ወንድም ሆኖ! ሐኪሟ በተገደለችበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ እየተሟገተ ከላዩ ገፈፈችውና ወሰደችበት። እሱም በሥራ ቱታው ሰነበተ።

ሐኪሟ እኔንም ያዋለደች ናት። የከተማውን ልጅ ግማሹን እሷ ናት የተቀበለችው። የክሊኒኳን የብረት በር የሠራው ደግሞ አጎቴ ነው፤ በሩም ሲከፈት ጥርሱን እንዳመመው ሰው ያቃስታል። «ጠማማ ነው፣ አፍርሰህ ሥራልኝ» ብላው መንገድ ላይ ተጨቃጨቁ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ እጄን ይዞኝ። «ትቆጫለሽ! እንዲህ ያለ በር የሚሠራልሽ ሌላ ሰው አታገኚም!» አላት። «ስለማላገኝ ነው ደስ የሚለኝ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ ጉንጬን ተቆነጠጥኩ። መንገዱ ግን ከዚህ ሁሉ «ትቆጫለሽ»ን ብቻ መርጦ አስቀረ።

ከተማችን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ነው። ሐኪሟ የላይ ሰፈር ልጅ ናት፣ እኛ የታች። ከዚያ በፊት ይህ ከውሃ መስመር በቀር ምንም ማለት አልነበረም። እሷ ከተቀበረች በኋላ ግን የላይ ሰፈር ሰው ፖሊስ ጣቢያውን ከቦ «ገዳዩን ስጡን! ደሟ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም!» ሲል ዋለ። የታች ሰፈር ሰውም ፈራ። ፈሪ ደግሞ ሰው ለመስጠት ይፈጥናል። የክሊኒኩ ዘበኛ «ባለ ካሬ ኮት የለበሰ ሰው ከኋላው አይቻለሁ» አለ ተባለ። ባለ ካሬ ኮት ያለው ደግሞ ማን ነው? አጎቴን ከብየዳ ቤቱ ወሰዱት። በቱታው ነው የወሰዱት፤ ይህንንም ያየ ሰው ሞልቶ ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ እየመጡ በጅምር ያለ ልብሳቸውን መቀበል ጀመሩ። እናቴ «ትንሽ ታገሺኝ፣ ቅምቀማው ብቻ ነው የቀረው» እያለች ትለምናለች። ያላለቀ ልብስ ከቤቷ ሲወጣ ማየት ለእሷ ራቁቱን የሆነ ልጅ መንገድ ላይ እንደመልቀቅ ነው። አንድ ቀን ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ዘነበ። እኔ በረዶ መስሎኝ ልለቅም ወጣሁ፤ እናቴ በፀጉሬ ጎትታ አስገባችኝ።

ጋሼ መነጽር የመጣው ያኔ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ዓቃቤ ሕጉ ነው። ጣቢያው ደጃፍ ወጥቶ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ «ገዳዩ በእጄ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡና ለሕግ ተዉት» ብሎ ያረጋጋው ሰው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ባይናገር ኖሮ ቤታችን ይቃጠል ነበር። እናቴም እኔም ስለዚህ እንደ መልአክ አየነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ስፌት ቤታችን ገባ። እናቴ ብድግ ብላ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረገችለት።

«ግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ዓይኑ ምስማሩ ላይ ነው።

«ይሄ ኮት የማን ነው?»

«የወንድሜ ነዋ! ሐኪሟ ሳትሞት ጀምሮ እዚሁ ነው። ይኸው እጅጌውን ተርትሬ፣ ገበሩን አውጥቼ። ያን ምሽትም እንዲሁ እንደተንጠለጠለ ነበር። ከፈለጉ ልጄን ይጠይቋት፣ በእጅጌው ስትጫወት ነበር።»

ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ሽቶው ደስ ይላል። «እውነት ነው የኔ ቆንጆ?»

«ዝሆን ነበርኩ» አልኩት።

ሳቀ። ከረሜላም ሰጠኝ። ከዚያ ኮቱን ከምስማሩ አወረደና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ እጅጌው የነበረበትን ክፍት ቦታ በጣቱ ዞረው። መነጽሩን አወለቀ፣ በመሀረቡ ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ። ለአጎቴ አዝኖ የሚያለቅስ መስሎኝ አንጀቴን በላው። ከረሜላዬን ከአፌ አውጥቼ ልመልስለት ሁሉ አስቤ ነበር።

ዛሬ ሳስበው፣ ያ ሰው ያን ጊዜ የሚጠርገው ዕንባ አልነበረም። ለሕዝብ ቃል የገባበት ሰው ንጹሕ እንደሆነ በገዛ ዓይኑ እያየ፣ ምን እንደሚያደርግ ያስብ ነበር። አስቦም ጨረሰ።

«እህቴ» አላት። እናቴን እህቴ ብሎ የጠራት ሰው ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። «ወንድምሽን የሚያወጣው ይሄ ኮት ነው። ግን በጥንቃቄ ነው የምንይዘው። አንቺ የእኔ ምስክር ነሽ። ምስክር ከመጠራቱ በፊት ችሎት አይገባም፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሕጉ ነው። ጠበቃው ቢመጣም አታናግሪው፤ የላይ ሰፈር ልጅ ነው፣ አሳልፎ ይሰጥሻል።»

«አፈር ስሆን! ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

«ኮቱንም ጨርሺው። ችሎት ፊት ሲቀርብ ሰው ይምሰል። ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ።»

እናቴ «ሰው ይምሰል» ስትባል የሰማችው፣ ወንድሟ ኮቱን ለብሶ ዳኛ ፊት ሊቆም እንደሆነ ነው። ሌላ ምን ልትሰማ ትችላለች? ልብስ ሰፊ ናት። ከኮቱ ጠርዝ ውስጥ ክር እየመዘዘች ቀዳዳውን ሁሉ ጠቀመችው፤ ጣቴን ባሳልፍበት እንኳ አይታወቅም። አዲስ ገበር ከተተችለት። እጅጌውን ከእኔ ተቀብላ ገጠመችው፤ ዝሆኔ ሞተ ብዬ አኮረፍኩ። እርጥብ ጨርቅ አልብሳ በካውያ ተኮሰችው፤ ቤቱ በሙቅ ሱፍ ሽታ ታፈነ። ስትጨርስ ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችውና «አሁን አባታችን ቢያየው አያፍርበትም» አለች። ወንድሟን ንጹሕ የሚያደርገውን እጅጌ በገዛ እጇ መልሳ ሰፋችው። ያማረ ስፌት ነበር።

ጠበቃው መጣ። ቀጭን፣ ላቡን በክንዱ የሚጠርግ ወጣት ነው። እናቴ በመስኮት አይታው በሩን ቆለፈች፤ እኔንም አፌን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ተደበቅን። «እትዬ! እባክዎ፣ ወንድምዎ ነው የላከኝ!» እያለ ደጋግሞ ያንኳኳል። እኔ የሌባና ፖሊስ ጨዋታ መስሎኝ ሳቄ አልቆም አለ። «እግዜር ይይልህ፣ በወንድሜ ስም እንኳ ትመጣለህ» አለች በሹክሹክታ፣ የጠላት መልእክተኛ ነው ብላ።

የፍርድ ቤቱን ጊዜ ስወደው! በየቀጠሮው ያን ለራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ በኋላ በር እንገባለን። የምስክሮች ማረፊያ የሚባል ክፍል አለ፤ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከፍ ያለ መስኮት፣ በሩ ላይ አንድ ፖሊስ። እዚያ ቁጭ ብለን እንውላለን። እናቴ የምትናገረውን ለራሷ ታጠናለች። ቀኝ እጇን አንስታ «ኮቱ እኔ ጋ ነበር ጌታዬ» ትላለች፤ እኔ ዳኛ እሆንና «ይቀጥሉ!» እላታለሁ። ፖሊሱ ይስቅብናል። ሰዓቱ ሲያልቅ «ለዛሬ አልተጠራሽም እናቴ» ይላታል። «እሺ፣ የሚቀጥለው ላይ ነዋ» ትላለች።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ብዬ ወጥቼ መንገዱን ሳትኩ። አንድ ትልቅ በር ገፋ ሳደርግ ሰው ጢም ብሏል። ከእግሮች መሃል አጮልቄ ሳይ ጋሼ መነጽር ቆሟል፤ ኮታችንን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ወዲህና ወዲያ ያዞረዋል። ያ ሁሉ ሰው ኮቱን ነው የሚያየው! ዳኛው እንኳ አንገቱን አስግጎ አየው። የእናቴ ስፌት እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም፤ ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። አጎቴ ከተከሳሹ ሳጥን ውስጥ ብድግ አለ። ከስቷል። «እህቴ ጋ ነበር እላችኋለሁ! እጅጌ እንኳ አልነበረውም! እህቴን ጥሯት!» እያለ በሩን ያያል። በሩ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ። እጄን አውለበለብኩለት። አላየኝም።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። «እማዬ! ኮታችንን ለሁሉም ሰው አሳዩት! አጎቴም ጥሯት ብሏል!»

እናቴ ብድግ አለች። ቀሚሷን በእጆቿ ወደ ታች ተኮሰችው። «ተመስገን። ጊዜው ደረሰ» አለች፤ ቆማ ጠበቀች። ቁጭ በይ ብላት እንኳ «ሲጠሩኝ ልቀመጥ?» አለችኝ። የዚያን ቀን ሰዓቱ እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።

እኔ ከሮጥኩ በኋላ የተባለውን ያወቅሁት አድጌ ነው። ጋሼ መነጽር ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህ ኮት የተያዘው ከተከሳሹ ቤት ነው» አለ። ቀጥሎም «እህቱ ልትመሰክርለት ፈቃደኛ አልሆነችም። ጠበቃው ራሱ ሄዶ በር ዘግታበታለች። የገዛ እህቱ ለምን እንደዘጋች ፍርድ ቤቱ ይገምት» አለ። ጠበቃው ምን ይበል? እውነት ነው፣ ዘግታለች። እኛ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጠን ነበር፣ ፀጉራችንን ተሠርተን።

የመጨረሻው ቀን ላይ ጭብጨባ ሰማን። ከግድግዳው ማዶ ቤቱ ሊፈርስ እስኪደርስ ያጨበጭባሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። አጎቴ የተፈታ መስሎኝ እኔም አጨበጨብኩ። እናቴ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። «ሳልናገር?» አለች። ፖሊሱን ገፍታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እኔም እያጨበጨብኩ ተከተልኳት።

አጎቴን በሁለት ፖሊስ መሃል፣ እጁን ታስሮ፣ ያወጡታል። ሰው ምራቁን ይተፋበታል። ከእኛ ፊት ሲደርስ ቆመ። እህቱን ከነሰማያዊ ቀሚሷ አያት። እኔን ከነጭብጨባዬ አየኝ።

«እዚሁ ነበርሽ?» አላት።

ወሰዱት። እናቴ እየጮኸች፣ ከኋላው የወጣውን ጋሼ መነጽርን እጅጌውን ያዘችው። «አልጠሩኝም እኮ ጌታዬ! ጠብቂ አሉኝ፣ ጠበቅሁ! እኔ ምስክር ነኝ!» ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «አላስፈለግሽም» አላት። ለእኔ ፈገግ አለልኝ፤ እኔም፣ ነፍሴን አይማረውና፣ ፈገግ አልኩለት።

ከዚያ በኋላ ያልጮኸችበት ደጅ የለም። «እህቱ አይደለች፣ ምን ትበል» አሏት። ዓቃቤ ሕጉም «ኮቱን ያገኘነው ከወንድሟ ቤት ነው፤ እሷ ምንም ነግራኝ አታውቅም» አለ። ወህኒ ቤት ስንቅ ይዘን እንሄዳለን፤ ጠባቂው ስንቁን መልሶ ያመጣዋል። «አልወጣም ብሏል» ይላል። «ተኝቶ ይሆናል» እላታለሁ። «አዎ፣ ደክሞት ነው» ትለኛለች። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። እሱ ደግሞ ፈርታ ሸጠችኝ ብሎ አመነ። ስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችው። ሰንፋ መስሎኝ እቆጣት ነበር፤ ለካ መርፌ ባየች ቁጥር ያ እጅጌ ነው የሚታያት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ዘበኛው ሞቱ ሲቃረብ ተናገረ፤ ያየው ጨለማ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነበር፣ ካሬውን የነገረው ዓቃቤ ሕጉ ነው። ያ ቀጭን ጠበቃ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተ፣ ነገሩን ቆፍሮ እስከ መጨረሻ አደረሰው። ጋሼ መነጽር ዳኛ ሆኖ፣ ተከብሮ፣ ተለቅሶለት ከተቀበረ ቆይቷል። አጎቴ ተፈታ። የወህኒውን በር ሲወጣ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ አግዳሚ ወንበሩን፣ ቀሚሱን፣ «ይቀጥሉ!» የምላትን። ጃኬቱን ፊቱ ላይ ሸፍኖ እስከ ቤት ሄደ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ደጃፍ ላይ ደርሰን ራሱ አየው። እናቴ ማስታወስ ካቆመች ሰንብታለች። በየቀኑ ሰማያዊውን ቀሚስ ካላለበስኳት አትነሳም፤ ሁለቴ አጥብቤላታለሁ። በር ላይ ወንበሯን ይዛ ትቀመጣለች። «ተጠራሁ?» ትለኛለች። «ገና ነው እማዬ» እላታለሁ፤ ኑሯችን ይኸው ነው።

አጎቴ ፊቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችው። አላወቀችውም።

«አንተ ልጅ፣ ፖሊሱ ነህ? ተጠራሁ?»

እኔን አየኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አዎ» አላት። «ምስክሯ ትግባ።»

ደግፌያት ተነሳች። ቀሚሷን ወደ ታች ተኮሰችው፣ ቀኝ እጇን አነሳች። ያን ያህል ዘመን ያጠናችው አንድም ቃል አልጠፋባትም።

«ኮቱ እኔ ጋ ነበር ጌታዬ። ምስማር ላይ ነበር። እጅጌውን ተርትሬዋለሁ፣ ገና አልገጠምኩትም። ልጄ እየተጫወተችበት ነበር። ወንድሜ አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም። ማንንም አልገደለም።»

«ይቀጥሉ» አልኩ።

«ጨረስኩ። ይኸው ነው።»

«አምነንሻል» አላት አጎቴ። «ነጻ ነው።»

«ለቀቃችሁት?»

«ለቀነዋል።»

እናቴ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከዝሆኑ ጊዜ ወዲህ አልሰማሁትም። «እንግዲያማ ይመጣል! ብርድ ነው፣ ኮቱን እኔ ነኝ የያዝኩበት። የታለ ኮቱ? አምጡልኝ እንጂ!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ምስማሩ ታያለች። ኮቱማ የት አለ? የፍርድ ቤት መጋዘን በልቶታል። አጎቴ የሚያደርገው ሲጠፋው ጃኬቱን አወለቀና እጇ ላይ አኖረላት። «ይኸውልሽ እታለም» አላት።

ጃኬቱን ተቀበለችው። ገልብጣ ገበሩን አየች። ጣቶቿ በስፌቱ ላይ ሄዱ፣ አንዱን ትከሻ ዳሰሱ፣ ሌላውን ዳሰሱ።

«ይሄ ሁለት እጅጌ አለው» አለች። «የወንድሜ አይደለም።»

መለሰችለትና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ማየት ጀመረች።